የመጽሐፌን ሽፋን እዩልኝ፤ ባለቤቴ የሠርግ ካርድ ነው ትላለች

የከዚራው (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አነብ ነበር፤ ዛሬ ተቸግሬ ገባሁ።

ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ትኬት ቆራጭ ነበር። በልጅነቴ ከእሱ ጋር ከድሬ አዲስ አበባ ስመላለስ ያየሁትን ጽፌ 224 ገጽ ሆነልኝ። ርእሱ «ሦስተኛ ማዕረግ» ነው። በራሴ ገንዘብ 1000 ኮፒ ላሳትም ነው። አሳታሚ አልፈለግሁም። እውነቱን ለመናገር ፈልጌም አላገኘሁም።

ሽፋኑን የእህቴ ልጅ በኮምፒውተር ሠራልኝ። መሃል ላይ ጢስ የሚተፋ ባቡር አለ። ከኋላው ፀሐይ ትጠልቃለች። ከላይ አባቴ ደመና ውስጥ ሆኖ ያያል። በግራ ግመል፣ በቀኝ የድሬ ለገሃር። ከታች ሻማ፣ ከሻማው አጠገብ የተከፈተ መጽሐፍ። ርእሱ በቀይ፣ ጠርዙ ወርቃማ።

ባለቤቴ አየችውና «ይሄ የሠርግ ካርድ ነው ወይስ የሙት ዓመት መታሰቢያ?» አለችኝ። ተቀየምኩ። ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምስሉን አያይዣለሁ። ሳትፈሩ ንገሩኝ።

አንባቢ ብቻ

ጋሼ፣ ለባለቤትዎ አንድ ኪሎ ቡና ይግዙላቸው። ከትልቅ ኪሳራ አድነውዎታል።

ሐረጓ

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። ሥራዬ የመጽሐፍ ሽፋንና ሌይአውት ነው። መጀመሪያ ደስ ያለኝን ልንገርዎ፦ ርእሱ ግሩም ነው። ሁለት ቃል፣ ደግሞም ሁለቱም አራት አራት ፊደል! አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ብናስቀምጠው ልክ እንደ ግድግዳ ድንጋይ ይገጥማል። ይህ ዕድል ለብዙ ደራሲ አይመጣም።

አሁን ወደ ሽፋኑ። ምስሉን ስልክዎ ላይ ይክፈቱና የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል ያሳንሱት። እኔ ሞከርኩት። ባቡሩ ጢስ ብቻ ሆነ፣ አባትዎ ጠፉ፣ ርእሱ ቀይ ጭረት መሰለ። ዛሬ ገዢ መጽሐፍን መጀመሪያ የሚያየው በዚያ መጠን ነው፤ ቴሌግራም ቻናል ላይ፣ ፌስቡክ ላይ፣ ጓደኛው በላከለት ስክሪንሾት ላይ።

ሰባቱን ነገሮች ለምን እንዳስገቧቸው ይገባኛል። እያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ አንድ ወኪል ልኳል። ግን መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ሻማውን ሲያይ ስለ አባትዎ የሌሊት ተራ አያስብም። ለቅሶ ነው የሚታየው። ግመሉን ሲያይ የቱሪስት ፖስተር ይመስለዋል። እርስዎ ትርጉሙን የሚያውቁት መጽሐፉ ራስዎ ውስጥ ስላለ ነው። ገዢው ገና አልገዛም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በመጽሐፉ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ፣ በእጅ የሚያዝ ዕቃ አለ? «ናፍቆት» ወይም «ዘመን» እንዳይሉኝ። ዕቃ ነው የምለው። ኪስ ቢገባ ደግሞ ይመረጣል።

ፉርጎ

የድሬ ልጅ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። አባትዎ የሠሩት በየትኛው ዘመን ነው? ሥዕሉ ላይ ያለው ባቡር የካውቦይ ፊልም ባቡር ነው። ከፊቱ የከብት መግፊያ ብረት ሳይቀር አለው! የእኛ መስመር ሐዲዱ ጠባብ፣ 1 ሜትር ስፋት ያለው ነበር። የእርስዎ ሥዕል ሐዲድ ላይ ሁለት ሲኖትራክ ጎን ለጎን ይሄዳል። በእንፋሎት የሚሄዱትም ከ1960ዎቹ በፊት አብዛኞቹ በናፍጣ ተተክተዋል። ድሬ ያለ አንባቢ ገና አንደኛውን ገጽ ሳይገልጥ ይህንን ነው የሚያነሳብዎ።

የከዚራው

እግዜር ይስጥልኝ ፉርጎ። አባቴ የሠራው ከ1958 እስከ 1983 ነው። በእኔ ዕድሜም የማውቀው የናፍጣውን ነው። ልጁ ከኢንተርኔት አውርዶት ነው። እኔም አስተማሪ ሆኜ አለማየቴ ያሳፍራል።

ሐረጓ ልጄ፣ ዕቃ ላልሽው፦ ትኬት። አባቴ ሲሞት ሣጥኑ ውስጥ አንዲት የሦስተኛ ማዕረግ ትኬት አገኘን። ወፍራም ካርቶን ናት፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥም። ከድሬዳዋ አዋሽ። ዳር ላይ ክብ ቀዳዳ አላት፤ እሱ ራሱ በመቁረጫው የበሳት። የማን እንደነበረች፣ ለምን እንዳስቀመጣት አናውቅም። መጽሐፉ የሚጀምረው በእሷ ነው።

ሐረጓ

ጋሼ፣ ሽፋኑ እኮ ተሠርቶ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

መጽሐፍ በክንዴ

ፋዘር ሰላም ነው? እኔ መጽሐፍ አዟሪ ነኝ። ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ቲያትር፣ 11 ዓመቴ ነው። ዲዛይን አልተማርኩም። ግን በቀን ስንት መጽሐፍ ሲነሳና ሲመለስ አያለሁ።

ክንዴ ላይ 25፣ 30 መጽሐፍ እደረድራለሁ፤ ከመዳፌ እስከ አገጬ። ፊቱ የሚታየው የላይኛው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ጎናቸው ነው የሚታየው። ሰው መኪና ውስጥ ሆኖ፣ ቀይ መብራት ይዞት፣ ጎኑን ነው የሚያነበው። እናንተ ስለ ፊቱ ብቻ ታወራላችሁ። ስለ ጎኑ ማን አወራ?

አንዳንድ ደራሲ ጎኑ ላይ ርእሱን ጉንዳን ያሳክለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ያጽፋል። እንደዚያ ሲሆን መጽሐፉ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ሲተኛ ጽሑፉ ይገለበጣል። ከላይ ወደ ታች የተጻፈ ከሆነ ግን ተኝቶም ቀጥ ብሎ ይነበባል። ይህችን ማንም አይነግራችሁም።

ሁለተኛ። «ሦስተኛ ማዕረግ» ስትሉኝ እኔ ከወታደር መጻሕፍት ጋር ነው የምደረድረው። ሻምበል፣ ኮሎኔል፣ ማዕረግ። ሰው የጄኔራል ታሪክ መስሎት አንስቶ ባቡር ሲያገኝ ይመልሰዋል። የተመለሰ መጽሐፍ ደግሞ ይቆሽሻል።

ሦስተኛ። ሰው ርእስ አያስታውስም። «ያ ጥቁሩ፣ ዓይን ያለበት» ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። የሚጠራበት ነገር ስጡት።

አንባቢ ብቻ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ ለሽፋን? በልጅነቴ ያነበብኳቸው ምርጥ መጻሕፍት ሽፋን አልነበራቸውም። ከመዞር ብዛት ተገንጥሎ በጋዜጣ የተለበዱ ነበሩ። ርእሱ በእስክሪብቶ። አንዱን እንዲያውም መጀመሪያዎቹን ስምንት ገጾች ሳላውቅ ነው የጨረስኩት። ዋናው ይዘቱ ነው።

መጽሐፍ በክንዴ

ወንድሜ፣ ያኔ «እንካ፣ ይህን አንብብ» ብሎ የሰጠህ ሰው ነበረ። ጋሼ ግን ያ ሰው የላቸውም። እኔ ነኝ ያለሁት። እኔ ደግሞ 30 መጽሐፍ ተሸክሜ ስለ እያንዳንዱ አልናገርም።

አንባቢ ብቻ

ይህኛው ገባኝ። ቀጥሉ።

ሐረጓ

አዟሪው ወንድማችን የተናገረውን እኔ ትምህርት ቤት አልሰማሁትም። ስለ «ማዕረግ» ትክክል ነው። ግን ርእሱን ለመቀየር አይቸኩሉ። ከትኬት ጋር ሲቀመጥ ትርጉሙ ወዲያው ወደ ባቡር ይዞራል። ከርእሱ ሥር ደግሞ አንድ ትንሽ መስመር እንጨምራለን፦ «የምድር ባቡር ልጅ ትዝታ»። ወታደሩ ወረደ፣ ተሳፋሪው ገባ።

ሌላ የማስበው አለ። «ሦስተኛ» በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው፤ ሽፋኑ ላይ እንደዚያው ይሁን። ግን ሰው ቴሌግራም ላይ ሲፈልግ «ሶስተኛ» ብሎ በእሳቱ ሰ ይጽፋል፣ አያገኝዎትምም። ስለዚህ በሚለጥፉት ማስታወቂያ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱንም አጻጻፍ ያስገቡ። ሽፋኑ ላይ አይደለም፣ ጽሑፉ ውስጥ።

ትኬቷን እንዲህ ያድርጓት። በስልክ ፎቶ አያንሷት፤ ስካነር ላይ በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ ማለት ነው) ያስነሷት። ለኅትመት የሚያስፈልገን 300 ነው። በ1200 ከተነሣች በአራት እጥፍ አሳድገን እንኳ አትደበዝዝም። ስትልኩልኝ ቴሌግራም ላይ በ«ፎቶ» ሳይሆን በ«ፋይል» ይላኩ። በፎቶ ከላኩት ጨምቆ ነው የሚያደርሰው። ከአቧራዋና ከእጥፋቷ ጋር እፈልጋታለሁ፤ የእህትዎ ልጅ «እንዳያጸዳት» አደራ!

ዘመነኛው

ጎበዝ፣ ለምን ትደክማላችሁ? በኤአይ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አሁን ሠርቼ አያያዝኩላችሁ፤ ትኬት፣ ባቡር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ።

ፉርጎ

አየሁት። ትኬቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ከሩቅ ግዕዝ ይመስላል፤ ጠጋ ስትል ግን በፊደል ገበታ ላይ የሌለ ነው። አንዱ ፊደል ሀ እና ጠ ተጋብተው የወለዱት ነው። ፀሐይዋ ደግሞ ተመልሳ መጣች!

ሐረጓ

እኔ ኤአይ አልጠላም፤ ሐሳብ ለመሞከር እጠቀምበታለሁ። ግን የአባታቸው እጅ የበሳት እውነተኛ ትኬት እያለች የውሸት ትኬት ምን ይሠራልናል?

ዘመነኛው

እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። ትኬቷ ትኑር። ግን አንድ ሐሳብ አለኝ፦ ቀዳዳውን ለምን በእውነት አትበሱትም? ሽፋኑ ላይ እውነተኛ ክብ ቀዳዳ። ከሥሩ የመጀመሪያው ገጽ ይታያል።

ፕሌት ቤት

ኧረ ቀስ። ማተሚያ ቤት የቅድመ ኅትመት ክፍል ነው የምሠራው። ቀዳዳው ይቻላል። ግን ለብቻው ዳይ፣ ማለትም መብሻ ቢላዋ፣ ማሠራት አለ፣ ከታተመ በኋላ ሌላ ማሽን ላይ መግባት አለ። ለ1000 ኮፒ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ የሚጨመረው ወጪ ያማል። ላሚኔሽኑም፣ ሽፋኑ ላይ የሚለበደው ስስ ፕላስቲክ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ቶሎ ይላጣል።

መጽሐፍ በክንዴ

ጣት ይገባበታል። ሰው ቆሞ ሲያወራኝ ጣቱን ከትቶ ያዞረዋል። በሳምንት ውስጥ ቀዳዳው መስኮት ይሆናል።

ሐረጓ

እንግዲያው ቀዳዳውን እናትመዋለን። ጥቁር ክብ፣ በአንድ ወገን ቀጭን ጥላ። ትክክለኛ ሆኖ ከተሠራ ሰው በጣቱ ሊነካው ይፈልጋል። ያንኑ ክብ ደግሞ ትንሽ አድርገን ጎኑ ላይ፣ ከርእሱ በላይ እናስቀምጣለን። ክንድ ላይ ሲደረደርም ይታያል ማለት ነው።

መጽሐፍ በክንዴ

ይህችን ወደድኳት።

የከዚራው (ኀሙስ)

ልጆቼ፣ ተባረኩ። የእህቴን ልጅ አስቀምጬ ይህን ሁሉ አነበብኩለት። ትንሽ አኮረፈ። ከዚያ «ልሞክር» አለ። ሁለተኛውን አያይዣለሁ። ጀርባው ጥቁር አረንጓዴ፣ መሃል ላይ ትኬቷ ሰፋ ብላ፣ ከላይ ርእሱ በቀይ። ትኬቷ ከጊዜ ብዛት ቢጫ ሆናለች።

ፉርጎ

ጋሼ… አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ይሄ ባንዲራ ነው።

የከዚራው

አምላኬ! ሦስት ቀን ሳየው አልታየኝም።

አንባቢ ብቻ

ወታደሩ ወርዶ ፓርቲው ተሳፈረ። 😂

ሐረጓ

አይዞዎት፣ ግማሹ መንገድ አልቋል። የእህትዎ ልጅ ዓይን አለው፤ ትኬቷን ትንሽ ዘንበል ማድረጉ ራሱ ጥሩ ነው። ቀዩን ብቻ እናውጣው። ርእሱ ከትኬቷ ወረቀት በተወሰደ ክሬም ቀለም ይሁን። አረንጓዴው ላይ ጎልቶ ይነበባል፣ ከትኬቷም ጋር ይዛመዳል።

ስለ ፊደሉ ላስረዳ፤ ብዙ ሽፋን የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ። ላቲን አቢይና ንኡስ ፊደል አለው። ዲዛይነሩ ርእሱን በአቢይ ጽፎ ይገላገላል። የእኛ ፊደል ያ የለውም። መጠን፣ ውፍረት፣ ቀለምና ባዶ ቦታ ብቻ ናቸው ያሉን። ስለዚህ ርእሱ ትልቅ ይሁን ሲባል የእውነት ትልቅ መሆን አለበት።

ውፍረት ላይ ወጥመድ አለ። ብዙ የግዕዝ ፎንቶች አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያላቸው። አቢሲኒካ ሲል ለምሳሌ ውብ ነው፣ ነፃም ነው፣ ግን ቦልድ የለውም። «ቦልድ» የሚለውን ሲጫኑ ፕሮግራሙ ራሱ ፊደሉን በጉልበት ያወፍረዋል። ያኔ የሦ እግሮች ይጣበቃሉ፣ የማ ሆድ ይደፈናል። በዚያ ላይ ወርቃማ ጠርዝ ሲጨመርበት የመጀመሪያው ሽፋን የሆነውን ሆነ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ይሞክሩ። ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም በሥርዓት የተሳሉ ውፍረቶች አሉት፣ በነፃ ነው።

እና እባክዎ በአንድ ሽፋን ከሁለት ፎንት በላይ አይጠቀሙ። ስምዎም ከርእሱ ያነሰ ይሁን። ለመጀመሪያ መጽሐፍ ሰው የሚገዛው ርእሱን ነው። ሲታወቁ እናሳድገዋለን!

ቁም ጸሐፊ

በብራና ስልት፣ በቁም ጽሕፈት፣ በእጅ ቢጻፍስ? ከላይ ሐረግ፣ ያ የብራና መጻሕፍት ጌጥ፣ ቢኖረውስ? የራሳችን የመጽሐፍ ጥበብ እያለ ፎንት ፍለጋ!

ሐረጓ

ስሜን ከየት ያመጣሁት ይመስልሃል? እኔም ሐረግ እወዳለሁ። ግን ቁም ጽሕፈትና ሐረግ ሽፋን ላይ ሲታዩ አንባቢ ገድል ወይም ድርሳን ነው የሚጠብቀው። ይህ ደግሞ ጫት፣ ኮንትሮባንድ ሳሙናና የሊቶሪና ባቡር ጫጫታ ያለበት መጽሐፍ ነው። አይደለም ጋሼ?

የከዚራው

ሳሙናው ምዕራፍ 4 ነው። ማን ነገረሽ?

ሐረጓ

የድሬ ባቡር ሆኖ ኮንትሮባንድ ካልነበረው ማነው የሚያምነን?

ፕሌት ቤት

ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄድዎ በፊት እነዚህን ያዙልኝ። በየሳምንቱ አንድ ደራሲ በዚህ ሲያለቅስ አያለሁ።

ጎኑ፣ እኛ ስፓይን የምንለው፣ ስፋቱ ከወረቀቱ ነው የሚመጣው። 224 ገጽ 112 ቅጠል ነው። 80 ግራም ወረቀት አንዱ ቅጠል ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ጎኑ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ60 ግራም ከታተመ ግን ይቀጥናል፣ ጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍም ወደ ፊት ይሾልካል። ወረቀት አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል፤ በ80 ተዋውለው በሌላ ሊታተም ይችላል። ወረቀቱ ተገዝቶ መጋዘን ሳይገባ የሽፋኑን ፋይል አይዝጉ። ባዶ ዳሚ (ያልታተመበት የመጽሐፉ ናሙና) እንዲሠሩልዎ ይጠይቁና ራስዎ በማስመሪያ ይለኩት።

ቀለም። ስክሪን በብርሃን ነው የሚያሳየው፣ እኛ በአራት ቀለም ነው የምናትመው። ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይጠወልጋል። ፋይሉ ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ፣ በእነዚሁ በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች፣ ይሠራ። ማት (የማያብለጨልጭ) ላሚኔሽን ደግሞ ቀለሙን ትንሽ ያደበዝዘዋል፣ ስለዚህ አረንጓዴውን አንድ ደረጃ አድምቁት። ማት ይሁን ግን፤ ግሎሲው፣ የሚያብለጨልጨው፣ ፀሐይ ላይ መስተዋት ነው፣ አዟሪው ሲይዘው አይነበብም። ላሚኔሽን የሌለው ጥቁር ሽፋን ደግሞ እጥፋቱ ላይ እየተሰነጠቀ ነጭ መስመር ያወጣል።

ከጠርዝ ውጭ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ቀለም ይለፍ፤ ቢላዋው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም። ጽሑፍ ከጠርዙ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ።

ፊደሎቹን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ ላኩልን። አለዚያ የእናንተ ፎንት እኛ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ርእሱ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይከፈታል። ድሮ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በቆየው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የተጻፈ ከሆነማ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ነው የሚመጣው። አንዴ እንዲህ ሆኖ ሳይታይ የታተመ ሽፋን አውቃለሁ። የትና የማን እንደሆነ አልናገርም።

አንድ የመጨረሻ። ከኢንተርኔት የወረደውን ባቡር ማውጣታችሁ ለሌላም ይጠቅማል። ፎቶም ሥዕልም ባለቤት አለው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ አለ። የሠዓሊ ሥራ ሠዓሊው ካለፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ጎግል ላይ ተገኘ ማለት የኛ ሆነ ማለት አይደለም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ጋሼ፣ ከሜሪላንድ ነኝ። ለልጆቼ በሁለት ቋንቋ አንዲት ቀጭን የተረት መጽሐፍ አዘጋጅቼ በአማዞን ኬዲፒ (ደራሲ በራሱ የሚያሳትምበት አገልግሎት) አሳትሜያለሁ። የእርስዎና የእኔ መንገድ ቢለያይም ከተማርኩት ላካፍል።

ኬዲፒ ከ79 ገጽ በታች ለሆነ መጽሐፍ ጎኑ ላይ ጽሑፍ አያስደርግም። የእኔ 32 ገጽ ነበር፤ ጎኑ ላይ ርእስ አስገብቼ ሁለት ጊዜ መለሱብኝ። እርስዎ 224 ስላለዎት አያሳስብዎም።

የኋላ ሽፋን ታች ቀኝ ጥግ ላይ ለባርኮድ ቦታ ይተዉ። እኔ እዚያ ላይ የልጄን ሥዕል አድርጌ ነበር፤ ነጭ ሳጥን መጥቶ የድመቷን ፊት ሸፈነው። አገር ቤት ለሚታተመውም አይኤስቢኤን፣ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ ያውጡ። ባርኮዱ ነጭ ላይ ጥቁር ይሁን። «ከሽፋኑ ጋር ይሂድ» ብለው በቀይ እንዳያስደርጉ፤ የስካነሩ ብርሃን ቀይ ስለሆነ ቀዩን መስመር አያየውም።

እና ከምንም በላይ፣ ሳይታተም አንድ ናሙና በእጅዎ ይያዙ። የእኔ ሰማያዊ ሰማይ ወረቀት ላይ ወይን ጠጅ ሆኖ መጣ። ልጄ «እማ፣ ሰማዩ ታሟል?» አለችኝ።

የከዚራው

ልጄ አመሰግናለሁ፤ ለልጅሽም ሰላም በይልኝ። የኋላውን ሽፋን ካነሣሽው ልናዘዝ። ያሰብኩት የምረቃ ፎቶዬ በጥቁር ጋዎን፣ ከሥሩ የአራት ጓደኞቼ ምስክርነት፣ ከዚያ የሕይወት ታሪኬ፣ ከዚያ ዋጋ ነበር። አሁን ስጽፈው ራሴ ሰማሁት።

አንባቢ ብቻ

ጋሼ፣ እንደ አንባቢ ልናገር። «ይህ መጽሐፍ በዘመናችን ከተጻፉት…» ብሎ የሚጀምር ምስክርነት ስመለከት መልሼ አስቀምጣለሁ። የማላውቃቸው ሰዎች የማላውቀውን ሰው ሲያመሰግኑ እኔ ምን አገባኝ? የትኬቷን ታሪክ ያስቀምጡልኝ። ሣጥኑ ተከፈተ፣ ትኬት ተገኘ፣ የማን እንደሆነች አይታወቅም። እዚያ ላይ ይቁረጡት። እኔ እገዛለሁ።

ሐረጓ

ይዘቱ ነው ዋናው ያለው ሰው እኮ ነው ይህን የሚለን።

ትክክል ነው። ስድስት፣ ሰባት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ፎቶ ከፈለጉ ትንሽ ይሁን፤ ጋዎኑ ይቅር። ከአባትዎ ጋር የተነሡት አለ?

የከዚራው

አንድ አለ። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የእሱን ኮፍያ አድርጌ።

ሐረጓ

ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ቀን የት ደብቀውት ነው?

መጽሐፍ በክንዴ

ዋጋውን ግን አታትሙት። ወረቀት በተወደደ ቁጥር ደራሲው ስቲከር ይለጥፋል፣ ሰው በጥፍሩ ልጦ ከሥር ያለውን ያነባል፣ ከዚያ ጸቡ ከእኔ ጋር ነው።

ፕሌት ቤት

አንባቢም መብት አለው እኮ። ዋጋ ከሌለው አንተ ደግሞ መልክ አይተህ ነው የምትጠራው።

መጽሐፍ በክንዴ

😄 እሱን እንተወው።

የከዚራው (ከሦስት ወር ከግማሽ በኋላ)

ልጆቼ፣ መጽሐፉ ወጣ። ፎቶውን አያይዣለሁ።

ፕሌት ቤት ያልከው አልቀረም። በ80 ግራም የተዋዋልነው ወረቀት የለም ተባለና በ70 ሆነ። ጎኑ አንድ ሚሊ ሜትር ቀጠነ። ዳሚውን በማስመሪያ ለክቼ ስለነበር ሐረጓ በዚያው ምሽት አስተካከለችልኝ። ክፍያ ስጠይቃት አንድ ኮፒ አለችኝ። ኮፒውም ከክፍያው ጋር ደርሷታል።

አረንጓዴው ከጠበቅነው ትንሽ ጠቆር ብሏል። መጀመሪያ ከፋኝ፤ አሁን ወድጄዋለሁ። ባለቤቴ መጽሐፉን ተቀብላ ምንም ሳትናገር ጣቷን ቀዳዳው ላይ አሳረፈች። ታትሞ እንደሆነ ስታውቅ ሳቀች። የእህቴ ልጅ ስም ከሐረጓ ጎን ሁለተኛ ገጽ ላይ አለ፤ ለሰው ሁሉ እያሳየ ነው።

ፉርጎ

ድሬ ደርሶ አይቼዋለሁ። ባቡር የለበትም፣ ጢስ የለበትም፣ ግመል የለበትም። አባቴ ገና ሳያነሣው «የባቡር ትኬት!» አለ።

መጽሐፍ በክንዴ

ፋዘር እንኳን ደስ አለዎት። የሰጡኝ 20 አልቋል። ርእሱን ብሎ የጠየቀኝ ሁለት ሰው ነው። የቀረው ሁሉ «ያ ቀዳዳ ያለው አለህ?» ነው የሚለኝ። ነገ ጠዋት 40 ቀዳዳ ይላኩልኝ።

የከዚራው

ራሴ ይዤ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ቡና ልገዛ መርካቶ መሄድ አለብኝ፤ የአንድ ኪሎ ዕዳ አለብኝ።